የነጂባ አስራ ሰባት ሰከንድ

ነጂባ የኩታበር ገበሬ ልጅ ናት። ኮምቦልቻ ውስጥ ባለ አንድ የእንስሳት ክሊኒክ ሐኪም ሆና መሥራት ከጀመረች ስድስተኛ ዓመቷ ነው። እኔ የዚያው ክሊኒክ መዝገብ ያዥ ነኝ፤ ሀፊዝ እባላለሁ። ስለ እርሷ የምጽፈው መዝገብ ላይ የሰፈረውንና በዓይኔ ያየሁትን ብቻ ነው። አንድ ነገር ግን አንባቢ ከመጀመሪያው ማወቅ አለበት። እህቴ ሰዒዳ በእብድ ውሻ በሽታ የሞተችው ነጂባ በስልክ ቪዲዮ የተናገረችውን ሰምታ ነው። ይህን ያወቀ ሰው ቃሌን በዚያው ልክ ይመዝነው።

ነጂባ አጭር ናት፤ ስትናገር ትፈጥናለች። ወደ ውሻ ስትቀርብ ዓይኑን አታየውም። ቁጢጥ ብላ በጎን እየተጠጋች፣ ድምፅዋን እንዲለምድ ስለ ውሎዋ ታወራለታለች። «እንዴት ዋልክ ወንድሜ? እኔስ ዛሬ ሽሮዬ አረረብኝ» ትለዋለች፤ ውሻው ጆሮውን ዘንበል ሲያደርግ መርፌው ገብቶ ወጥቷል። መብራት ሲጠፋ ክትባቱ እንዳይበላሽ ሆቴል ለሆቴል ዞራ በረዶ ትለምናለች። አንድ ቀን የበረዶውን ሳጥን ታቅፋ ባጃጅ ውስጥ ሳያት ሕፃን የያዘች መስሎኝ ነበር። አግብታ ፈትታለች። እናቷ «ውሻ ውሻ እየሸተትሽ ማን ደግሞ ያገባሻል?» ሲሏት፣ «ውሻ የማይጠላ» ትላቸዋለች።

በእኛ አገር ውሻ የሌለው ግቢ ጥቂት ነው፤ ውሻውን የሚነካ ባለቤት ግን ከዚያም ያነሰ ነው። ውሻው ቤት ይጠብቃል፣ ምግቡ ከሩቅ ይወረወርለታል፣ በዚያው ይለያያሉ። ምራቁ በእስልምና ነጃሳ፣ ማለትም ርኩስ፣ ስለሆነ ልብስ ወይም እጅ ከነካ ሰባት ጊዜ፣ ከሰባቱ አንዱን በአፈር፣ መታጠብ አለበት። ሰው ከዚህ ጣጣ ሲሸሽ ውሻው ሳይከተብ ይኖራል። በ2017 መስከረም እሑድ ቀን የክትባት ዘመቻ ጠርተን ነጂባ ከጠዋት እስከ ዐስር ቆማ የከተበችው አስራ አንድ ውሻ ነው። አንዱ ሰውዬ ውሻውን በረጅም ጠፍር እየጎተተ መጥቶ የበሩ ብረት ላይ አሰረና «ያውልሽ!» ብሎ ሮጠ። ውሻውን ሊወስድ የመጣው በማግስቱ ነው።

ያን ሰሞን ነው ነጂባ በቲክቶክ መናገር የጀመረችው። ስልኳን ክትባት መያዣው ሳጥን ላይ አስደግፋ፣ ነጭ ጋዋኗን ለብሳ ቆመች። ሙሉው ሁለት ደቂቃ ከሠላሳ ስድስት ሰከንድ ነው፤ ቅጂው እኔ ዘንድ አለ። የተናገረችውም ይህ ነው፦

«ውሻችሁን አስከትቡ። በዓመት አንድ መርፌ ነው። ገመድ ባንገቱ አስገቡ፣ አፉን በጨርቅ እሰሩና አምጡልኝ። ምራቁ ቢነካኝስ ትላላችሁ፤ ወላሂ ይሄ አያስፈራም! የውሻ ምራቅ ነካችሁ? ሰባት ጊዜ እጠቡ፣ አንዱን በአፈር። በቃ፣ ጨረሳችሁ። ምንም አትሆኑም፣ አብሽሩ! የነከሰ ውሻ ግን ሌላ ነው። ከተነከሳችሁ በሳሙናና በሚወርድ ውሃ ሩብ ሰዓት እጠቡና የዚያኑ ቀን ሐኪም ቤት ሂዱ።» ከዚያ በኋላ ያለው ስለ ቡችሎች ዕድሜ፣ ስለ ሆድ ትላትል መድኃኒትና ስለ ዘመቻው ቀን ነው።

አገር ወደደው። በጥቅምቱ ዘመቻ አንድ መቶ አርባ ሦስት ውሻ መጣ። በኅዳር መጀመሪያ አንድ መቶ ሰባ አንድ። እጃቸውን በጆንያ የጠቀለሉ ሽማግሌዎች፣ የውሻቸውን አፍ በሻርፕ ያሰሩ ሴቶች፣ ባጃጅ ላይ ሦስት ውሻ የጫነ ሰው አየን። ነጂባ መንገድ ላይ ስትሄድ «ሰባት ጊዜ! ሰባት ጊዜ!» ይሏታል። ደስ ይላት ነበር።

ከዚያ አንድ ሰው ቪዲዮውን ቆረጠው። «የውሻ ምራቅ ነካችሁ?» ከሚለው ጀምሮ «አብሽሩ!» እስከሚለው፣ አስራ ሰባት ሰከንድ። ማን እንደቆረጠው እስከ ዛሬ አልታወቀም። በክፋት የተደረገ አይመስለኝም፤ ሰው የወደደውን ቁራሽ ለወዳጁ ይልካል። ቁራጩ በቴሌግራም፣ በፌስቡክ፣ ከስልክ ወደ ስልክ ሄደ። ሙሉውን ያላየ ሰው ሲሰማው ንክሻም ምራቅም አንድ ሆነበት። ውሻ የነከሰው ሁሉ መታጠብ ጀመረ።

ሰዒዳ ኮምቦልቻ አንድ ፋብሪካ ውስጥ ክር ትፈትል ነበር። ኅዳር 11 ከሥራ ስትወጣ አንድ ቡችላ ባቷ ላይ ነከሳት። ትንሽ ጭረት ነበረች። ማታውን ደውላ ነገረችኝ።

«የናንተዋ ነጂባ እንዳለችው አድርጌያለሁ» አለችኝ፤ «ሰባት ጊዜ። አፈሩንም አልረሳሁ።»

«አብሽሪ» አልኳት።

የትኛውን ቪዲዮ እንዳየች አልጠየቅኩም። ሙሉው ቪዲዮ እኔ ዘንድ ነበር። ሰዒዳ ጥር 6 ቀን ሞተች። ሃያ አራት ዓመቷ ነበር።

ነጂባ ለቅሶው ቤት መጥታ ከሴቶቹ ጋር ተቀመጠች። ሰዒዳ በምን እንደሞተች ገና አታውቅም ነበር። በሁለተኛው ቀን እናቴ ለመጣው ሁሉ እንደምትናገረው ለእርሷም ተናገረች፦ «ልጄ ጥንቁቅ ነበረች። ሰባት ጊዜ አጥባው ነበር እኮ፣ በአፈርም ጭምር። ቀደር ነው፣ አላህ የጻፈው።» ነጂባ የያዘችውን የውሃ ጆግ መሬት አስቀምጣ ወጣች። ከግቢው ውጭ ግንቡን ተደግፋ አገኘኋት።

«ሀፊዝ፣ ስለ ንክሻ አላልኩም» አለችኝ። «ሙሉውን ታውቀዋለህ። አላልኩም።»

«አላልሽም» አልኳት። «ግን ስለ ንክሻ መጀመሪያ ብትናገሪ ኖሮ የሚቆርጠው ሰው ሌላ ነገር ነበር የሚቆርጠው።»

ይህን ማለት አልነበረብኝም የሚሉኝ አሉ። እውነት ስለሆነ ነው ያልኩት። እርሷም አልተቆጣችም። ተመልሳ ገብታ ለእናቴ ሁሉንም ነገረቻት። እናቴ እስከ መጨረሻው ሰማቻት፤ ከዚያ ወዲህ የነጂባን ስም አንስታ አታውቅም።

በዚያው ቀን ነጂባ ሙሉውን ቪዲዮ ከገጿ ላይ አጠፋችው። መጥፎ ስህተት ነበር። ቁራጩ በሺህ ሰው ስልክ ላይ አለ፤ እርሷ የምታጠፋው አይደለም። ከጠፋው ከሙሉው ጋር ስለ ክትባት፣ ስለ ሳሙና፣ ስለ ሐኪም ቤት የተናገረችው ሁሉ አብሮ ጠፋ። ከዚያ በኋላ «ኧረ ሙሉውን እዩት» ቢባል እንኳ ገጿ ላይ የሚታይ ነገር የለም። መልሳ ለመልቀቅ በማግስቱ ተዘጋጅታ ስትገባ የክሊኒኩ ኃላፊ ወይዘሮ አባይነሽ ጠሯት። ወሬው ደርሷቸዋል።

«ነጂባ፣ አንቺ አንድ ቃል ትልኪያለሽ፣ አገሩ ሌላ ይቀበላል» አሏት። «ስልኩን ተይው። መርፌሽን ውጊ።»

«ወይዘሮ አባይነሽ፣ ማረም አለብኝ እኮ። አሁንም እየታጠቡ ነው።»

«ታርሚያለሽ። በጽሑፍ አቅርቢ፣ ይታያል። ሳይፈቀድ አንዲት ቃል ብትለቂ ግን ከሥራ ትታገጃለሽ።»

ደብዳቤውን የተየብኩት እኔ ነኝ። ነጂባ ፈረመች፤ ቅጂውን ፋይሏ ውስጥ አኖርኩት። የማረሚያ ጥያቄ ሦስት ጊዜ ጻፈች። ሦስቱንም ቁጥር ሰጥቼ አስገብቻለሁ። ለሦስቱም የተሰጠው መልስ «በመታየት ላይ ነው» የሚል ነው። የጥር መጨረሻው ዘመቻ በእርሷ አንደበት ስላልተነገረ የመጣው ሃያ ስድስት ውሻ ነው።

ከዚያ ወዲህ ነጂባ ከተማ ውስጥ መሄድ አስጠላት። «ሰባት ጊዜ!» ብሎ የሚስቅላት ሰው ሁሉ ቁራጩን ያየ ነው። ቆም ብላ ታስረዳዋለች። ሰውዬው ራሱን ይነቀንቃል፤ ከኋላው ሌላ ይመጣል። ዓሣ ገዝታ ቤቷ ለመድረስ አርባ ደቂቃ የፈጀባት ቀን ነበር። በኋላ በጓሮ መንገድ መሄድ ጀመረች፤ ቀጥሎም ዳቦ የሚያመጣላት የአከራይዋ ልጅ ሆነ።

መልዕክት መላክ ግን አልተከለከለም። በቴሌግራም ለሚጽፍላት ለእያንዳንዱ ሰው ለየብቻው መመለስ ትችላለች። እኔ ለዚህ አንድ መዝገብ ከፈትኩ፦ ቀን፣ ቦታ፣ ማን ተነከሰ፣ ውሻው የት ገባ፣ ሐኪም ቤት ሄደ ወይስ አልሄደ። በምሳ ሰዓት እርሷ ታነባለች፣ እኔ እጽፋለሁ። ሠላሳ አንድ ሰው መዝግበናል። ሃያ ስምንቱ ሄደዋል። ሁለቱን የነከሱት ውሾች ተከትበው የነበሩ ናቸው። የቀረው አንዱ ደሴ አጠገብ ያለችው የገራዶ ሰው ነው።

መልዕክቱ የመጣው የካቲት 9፣ እሑድ ነው። የላከችው ፋኢዛ የምትባል ሴት ናት። «አሰላሙ አለይኩም እህቴ። አባቴ የገዛ ውሻውን ሲያስር እጁን ነክሶት ነበር። አንቺ እንዳልሽው ሰባት ጊዜ አጥበነዋል። ውሻው በአራተኛው ቀን ሞተ፣ አባዬ ግን አልሐምዱሊላህ ደህና ነው። ጀዛኪላህ ኸይር።»

ነጂባ ወዲያው ደወለች። አባትየው አባ በሽር ይባላሉ። ከተነከሱ ስድስት ቀን ሆኗቸዋል። ፋኢዛ ስልኩን ልትሰጣቸው ብትል «ደህና ነኝ በያት» ብለው ወደ መስጊድ ሄዱ። እብድ ውሻ ነክሶ ሰውየው ደህና የሚሆንበት ጊዜ አለ፤ መዳን የሚቻለውም በዚያ ጊዜ ብቻ ነው። ምልክቱ ከጀመረ በኋላ መድኃኒት የለም። ይህን ለእኔ ማንም እንዲነግረኝ አያስፈልግም ነበር።

ሰኞ ሁለታችንም የአንድ ቀን ፈቃድ ቅጽ ሞልተን ወጣን። ኮምቦልቻ መናኸሪያ የሚኒባሱ ረዳት ገና ሲያያት ጮኸ፦ «ኧረ ሰባት ጊዜ! ለሐኪማችን የፊቱን ወንበር ልቀቁ!» የፊቱን ወንበር ለቀቁላት። የሐረጎን ዳገት ወጥተን ደሴ እስክንደርስ ሾፌሩ ስለ ጎረቤቱ ውሻ ሲያጫውታት፣ እርሷ በሁለቱም እጇ ቦርሳዋን ይዛ አንድ ነገር ብቻ ትደጋግም ነበር፦ «ከነከሰ ሐኪም ቤት። ከነከሰ ሐኪም ቤት።» ፒያሳ ወርደን ወደ ገራዶ የሚሄድ ሌላ መኪና ያዝን።

አባ በሽር ግቢያቸው ውስጥ በርጩማ ላይ ተቀምጠው የበቆሎ ዘር ይለቅማሉ። ሰባ የሚሆናቸው፣ ጺማቸውን በሂና ያቀሉ ሰው ናቸው። ቀኝ እጃቸው ላይ፣ በአውራ ጣትና በሌባ ጣት መካከል፣ የደረቀ ቁስል አለ።

«አሰላሙ አለይኩም አባቴ። አፊያ ነዎት?»

«ወአለይኩሙ ሰላም። አልሐምዱሊላህ። የማን ልጅ ነሽ?»

«አባዬ፣ የስልኳ ናት እኮ!» አለች ፋኢዛ። «ሰባት ጊዜዋ!»

አባ በሽር ቀና ብለው አዩዋት። «ስልኩ ላይ ወፈር ትያለሽ። ምን አገኘሽ?»

«ሐሳብ ነው አባቴ። ተነሱ፣ ደሴ ሐኪም ቤት እንሂድ። ክትባት አለ።»

«ውሻው ሞቷል። ማንን ልትከትቢ?»

«እርስዎን።»

አባ በሽር ሳቁ። «ፋኢዛ፣ ሰማሽ? ውሻው ሲሞት ተራው የኔ ሆነ!»

ነጂባ አልሳቀችም። አጠገባቸው ቁጢጥ ብላ በጎን ተጠጋች፤ ድምፅዋ ግን ከውሻ ጋር እንደምታወራው አልነበረም። ውሻው በበሽታው እንደሞተ፣ በሽታው በነርቭ ውስጥ ቀስ እያለ ወደ ጭንቅላት እንደሚሄድ፣ እጅ ደግሞ ቅርብ እንደሆነ ነገረቻቸው። አባ በሽር እስክትጨርስ ጠብቀው ለልጃቸው ምልክት ሰጡ። ፋኢዛ ስልኳን ከፈተች። አስራ ሰባቱ ሰከንድ በግቢው ውስጥ ተሰማ፦ «…በቃ፣ ጨረሳችሁ። ምንም አትሆኑም፣ አብሽሩ!»

«ይቺ አንቺ አይደለሽም?»

«ነኝ። ግን ያልኩት ውሻ ለማስከተብ ስታመጡ ምራቅ ስለነካው እጅ ነው። ተቆርጧል አባቴ።»

«ማን ቆረጠው?»

«አላውቅም።»

«የገዛ ቃልሽን ማን እንደቆረጠው ሳታውቂ፣ በኔ ነርቭ ውስጥ ምን እንደሚሄድ አወቅሽ?»

«ሰባቱ ለሶላትዎ ነው፤ ነጃሳውን ለማጥራት። መርፌው ለሕይወትዎ ነው። ሁለቱ ለየቅል ናቸው።»

«ሰባቱን እኔ ከልጅነቴ አውቀዋለሁ» አሉ አባ በሽር። አሁን ፈገግታቸው ጠፍቷል። «ረሱል ያሉትን አንቺ አላስተማርሽኝም። ‹ምንም አትሆኑም› ያልሽው ግን አንቺ ነሽ። እሱን ከሰባቱ ጋር ያጋባሽው አንቺ ነሽ። ዛሬ መጥተሽ አፋታቸው ትዪኛለሽ። የትኛዋን ልመን? ይቺን?» ስልኩን አነሱት። «ይቺ እንኳ አታለቅስም።»

ነጂባ እያለቀሰች መሆኗን ያን ጊዜ ነው ያወቀችው።

ለረጅም ጊዜ ለመነች። እኔም ለመንኩ። አባ በሽር ዘራቸውን ይለቅማሉ። ፋኢዛ ጨንቋት በግቢው ውስጥ ትመላለሳለች። የቀትሩ የዙሁር አዛን ሊል ሲል ሽማግሌው ጉልበታቸውን ይዘው ተነሱ።

«አንድ ነገር አድርጊልኝ» አሉ። «እዚህ ቁሚ። እንደዚያኛው በስልክ ተናገሪ። ‹ተሳስቻለሁ› በይ። አገር ይስማው። ውሸት የሚናገር ሰው ተሳስቻለሁ ብሎ ለአገር አይለቅም። ያንን ካየሁ እሄዳለሁ።»

«እሺ፣ አሁን ለእርስዎ ልበልዎት።»

«ለኔማ ስትዪ ዋልሽ። ለአገር በይው።»

ነጂባ ወደ እኔ ዞረች። ደብዳቤውን የተየብኩት እኔ ነኝ፤ ቁጥሩን በቃሌ አውቀዋለሁ። ሳይፈቀድ አንዲት ቃል። ከታገደች የቤት ኪራይ የሚከፍልላት ሰው የለም፤ ኩታበር ተመልሳ ከእናቷ ጋር ልትቀመጥ ነው። ዝም ብትል ደግሞ ይህ ሽማግሌ መስጊድ ሄዶ ይሰግዳል፣ ተመልሶ ምሳውን ይበላል፣ ጥቂት ሳምንት ደህና ይሆናል።

ስልኬን አውጥቼ ከፈትኩና ቀጥ አድርጌ ያዝኩት።

«ስሟን ልጥራ?» አለችኝ ቀስ ብላ።

ማንን እንደምትል ገባኝ። «ጥሪ» አልኳት። «የአባቷን ስም አትጥሪ፤ እናቴ አለች።»

አንድ ደቂቃ ከአርባ ስምንት ሰከንድ ተናገረች። ይህኛውን ስለ ንክሻ ጀመረችው። «የምታውቁኝ ነጂባ ነኝ። ከተነከሳችሁ መታጠብ ብቻውን አያድናችሁም። በሳሙና እጠቡ፣ የዚያኑ ቀን ሐኪም ቤት ሂዱ፣ ውሻችሁን በየዓመቱ አስከትቡ። ምንም አትሆኑም ያልኩበት ቪዲዮ ተቆርጧል፤ ግን እኔም እንዳይቆረጥ አድርጌ አልተናገርኩም። ተሳስቻለሁ። ሰዒዳ የምትባል እህታችን በዚህ ምክንያት ሞታለች። አላህ ይማረኝ።» ቪዲዮው ላይ ምንም መነቃነቅ አይታይም።

እዚያው ቆመን በነጂባ ገጽ ላይ ለቀቅነው። አባ በሽር በፋኢዛ ስልክ ላይ እስኪመጣ ጠበቁ፣ እስከ መጨረሻው አዩ።

«ፋኢዛ፣ ጫማዬን» አሉ።

የመጀመሪያውን መርፌ የዚያኑ ዕለት ደሴ ተወጉ። አራት ነው፤ የካቲት 10፣ 13፣ 17 እና 24። የመጨረሻው ረመዳን ውስጥ ስለዋለ «መርፌ ጾም ያፈርሳል እንዴ?» ብለው ለነጂባ ደወሉ። ነጂባ መልሱን ታውቀዋለች። «ሼህዎን ይጠይቁ አባቴ» አለቻቸው። ከዚያ ቪዲዮ ወዲህ ስለ ሃይማኖት ለማንም አንድ ቃል አትመልስም።

ወይዘሮ አባይነሽ አላገዷትም። እንዳዘኑላት ነገሯት፤ ነገሩ ተጣርቶ እስኪወሰን ድረስ ግን እንስሳ እንዳትነካ፣ ዘመቻ እንዳትወጣ፣ በሥራ ሰዓት ከግቢው እንዳትወጣ፣ መዝገብ ቤት እንድትውል ታዘዘች። እስከ መቼ እንደሆነ ደብዳቤው አይልም። አሁን ከእኔ ጠረጴዛ ፊት ለፊት ትቀመጣለች። ክፍሉ አንድ መስኮት አለው፣ እሱም ብረት የተገጠመበት ነው። በግቢው ውስጥ የተያዘ ውሻ ሲያላዝን ብዕሯን ታስቀምጣለች፤ ሌላው ሐኪም መርፌውን ሲስት ከድምፁ ታውቃለች። ማረሚያውን እስከ ዛሬ ያየው አራት መቶ አስራ ሁለት ሰው ነው። የቁራጩን አልቆጥርም፤ አንድ ቦታ ስላልሆነ አይቆጠርም።

የካቲት 25 ቀን አባ በሽር ከገራዶ ድረስ ኮምቦልቻ መጡ። ጾመኛ ናቸው፣ ከንፈራቸው ደርቋል። ዘበኛው ስላላስገባቸው በውጭ ዞረው በመስኮቱ ብረት መካከል የክትባት ካርዳቸውን ዘረጉልኝ። አራቱም ተሞልቷል።

«ጻፈኝ» አሉኝ። ጻፍኳቸው።

ነጂባ ወደ መስኮቱ ተጠጋች። «አባቴ፣ በጾም ይሄን ያህል መንገድ! ፋኢዛ በስልክ ትነግረን ነበር እኮ።»

«ስልክ አላምንም» አሉ። ከዚያ ብረቱን ያዙ። «ሐሙስ ለት ሰርግ ነበርኩ። ጾም ሳይገባ ይዳሩ ተብሎ። አንዱ ወጣት በውሻ ተነክሷል፤ ያንን ያንቺን ቁራጭ ያሳዩታል። ተነስቼ እጄን አሳየሁ፣ ተሳስታለች፣ ራሷ ነግራኛለች አልኩ።»

«ምን አሉ?»

«‹አባባ፣ ልጅቷ በገዛ አፏ ያለችውን እርስዎ ሊያስተባብሉ ነው?› አሉኝ። ሳቁብኝ።»

ነጂባ መዝገቡን ወደ ራሷ ሳበች። «ልጁ የማን ነው? ስሙን ያውቁታል?»

«የሙሽራው ዘመድ ነው መሰለኝ። ከሩቅ ነው የመጡት፤ በማግስቱ ሄዱ።»

«ሌላስ ስንት ሰው አየው?»

«ሰርግ ነው እንግዲህ ልጄ» አሉ አባ በሽር። «ድንኳኑ ሙሉ ነበር።»